ይሆናልነትን በቆርኪ፣ በሳንቲምና በዕቁብ ዕጣ ማስተማር

ይሆናልነትን (ፕሮባቢሊቲን፣ ማለትም አንድ ነገር የመከሰት ዕድሉን በቁጥር መግለጽን) ለስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ለማስተማር ሲገቡ፣ ቀመሩን ሰሌዳ ላይ ከመጻፍዎ በፊት አንድ የለስላሳ ቆርኪ ከኪስዎ አውጥተው «ይህን ብወረውረው በጀርባው የመውደቁ ይሆናልነት ስንት ነው?» ብለው ይጠይቁ። እኔ በማስተምርበት በአዲስ አበባ ዳርቻ፣ በኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየሞች አቅራቢያ፣ አብዛኛው ተማሪ ሳያመነታ «ግማሽ» ይላል፤ ምክንያቱን ሲጠየቅም «የሚወድቀው ወይ በጀርባው ወይ በአፉ ነው» ብሎ ይመልሳል። በዚህ ስሌት ከሄድን ነገ ጠዋት በረዶ የመዝነቡ ይሆናልነትም ግማሽ ሊሆን ነው።

ስህተቱን ወዲያው አያርሙት። 60 ተማሪዎች ቢኖሩዎት ሁለት ሁለት አድርገው 30 ጥንድ ይመድቡና እያንዳንዱ ጥንድ 20 ጊዜ ወርውሮ ውጤቱን እንዲመዘግብ ያድርጉ፤ በአንድ ክፍለ ጊዜ 600 ውርወራ ይሰበሰባል። የቆርኪው ሁለት ገጽታዎች ስለማይመሳሰሉ ቁጥሮቹ እኩል እንዲሆኑ የሚያስገድድ ነገር የለም፤ ይሆናልነቱን ለመገመት ያለው መንገድም ሞክሮ መቁጠር ነው። ቀመሩ፣ ማለትም የምንፈልጋቸውን ውጤቶች ብዛት ለሚቻሉት ውጤቶች ሁሉ ብዛት ማካፈል፣ የሚሠራው ውጤቶቹ ሁሉ እኩል ዕድል ሲኖራቸው ብቻ መሆኑን ተማሪው የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ብዙዎቻችን ይህን ቅድመ ሁኔታ በአንድ ዐረፍተ ነገር እናልፈዋለን፤ በእኔ እምነት ግን የትምህርቱ ዋና ነገር እሱ ነው።

ቀጥለው ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ያስወርውሩ፤ አንበሳው ያለበት ጎፈር፣ ሚዛኑ ያለበት ዘውድ ይባል። ተማሪዎቹ «ሁለት ዘውድ፣ ሁለት ጎፈር፣ አንድ አንድ» ብለው ሦስት ውጤት ይቆጥሩና ለእያንዳንዱ 1/3 ይሰጣሉ። አይዘኑባቸው፤ ፈረንሳዊው የሒሳብ ሊቅ ዣን ዳላምበር በ1754 እ.ኤ.አ. በታተመ ጽሑፉ የዚሁ ዓይነት ስህተት ሠርቶ፣ በሁለት ውርወራ ቢያንስ አንድ ጊዜ ዘውድ የመውጣቱን ይሆናልነት 3/4 በማለት ፈንታ 2/3 ብሎታል። መፍትሔው አንዱን ሳንቲም በቀለም ምልክት ማድረግ ነው። ያኔ ዘውድ-ጎፈርና ጎፈር-ዘውድ የተለያዩ መሆናቸው በዓይን ስለሚታይ ውጤቶቹ አራት ይሆናሉ፤ በ600 ውርወራም «አንድ አንድ» የሚለው ወደ 300 ይጠጋል እንጂ 200 አካባቢ አይቀርም።

በትክክል 300 አለመውጣቱ የሚያሳስበው ተማሪ አይጠፋም። ለእሱ የሒሳብ ሊቁን የጆን ኬሪችን ታሪክ ይንገሩት፤ ይህ ሰው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዴንማርክ ውስጥ ታግቶ ሳለ አንድ ሳንቲም 10,000 ጊዜ ወርውሮ አንደኛው ገጽታ የወጣለት በትክክል 5,000 ሳይሆን 5,067 ጊዜ ነው፤ ለግማሽ ይቀርባል እንጂ ልክ ግማሽ አይደለም።

ለዕጣ ምሳሌ የሚሆነው ዕቁብ ነው። የኮንዶሚኒየም ዕጣ በየቤቱ ቢወራም በእሱ አይጀምሩ፤ ለሴቶች፣ ለመንግሥት ሠራተኞችና ለአካል ጉዳተኞች የተለየ ድርሻ የተያዘበት በመሆኑ የሁሉም ተመዝጋቢ ዕድል እኩል አይደለም፤ ቤት ሳይደርሰው የቀረ ወላጅ ያለው ልጅም ክፍል ውስጥ ሊኖር ይችላል።

አራት ተማሪዎችን አውጥተው፣ አንዷ ብቻ ምልክት ያለባትን አራት የተጠቀለሉ ወረቀቶች በባርኔጣ ውስጥ ያቅርቡ። ቀድሞ ለማውጣት ግፊያ ይነሣል፤ ቀድሞ ያወጣ ይጠቀማል የሚለው እምነት ከቤት ይዘውት የመጡት ነው። ሁሉም ካወጡ በኋላ ወረቀቱን ሳይከፍቱ እንዲቆሙ አድርገው «አሁን ዕጣው በማን እጅ ነው?» ብለው ክፍሉን ይጠይቁ። አራቱን የሚለይ ነገር እንደሌለ ያኔ ያዩታል። ከዚያ በስሌት ያሳዩአቸው፦ የመጀመሪያው 1/4 ነው፤ ለሁለተኛው ዕጣው እንዲደርሰው የመጀመሪያው መሳት ስላለበት 3/4 በ1/3 ሲባዛ ያው 1/4 ይሆናል።

ለቤት ሥራ 12 አባላት ያሉትን ዕቁብ ይስጡ፤ በየዙሩ አንድ ሰው ዕጣ ይደርሰዋል፣ የደረሰውም ከዕጣው ይወጣል። አንዲት እናት ዕጣው በስድስተኛው ዙር የሚደርሳቸው በምን ይሆናልነት ነው? ዕቁቡ ሳይጀመር ከተጠየቀ መልሱ 1/12 ነው፤ አምስቱ ዙር አልፎ እሳቸው ካልደረሳቸው በኋላ ከተጠየቀ ግን 1/7 ነው። በማግስቱ ሁለቱን መልሶች የያዙ ተማሪዎች ሲከራከሩ፣ እያንዳንዱ የትኛውን ጥያቄ እንደመለሰ ራሳቸው እስኪለዩ ድረስ ጣልቃ አይግቡ።