የስኪና የስኖውቦርድ ሰም መቀቢያ ካውያ አጠቃቀም

በበረዶ ላይ መንሸራተቻ የሆኑትን ስኪና ስኖውቦርድ ሰም ለመቀባት የሚያገለግለውን ካውያ ከልብስ ካውያ የሚለየው ዋናው ነገር ሙቀትን አጽንቶ የመያዝ ችሎታው ነው። የልብስ ካውያ ሙቀቱ ከፍና ዝቅ ስለሚል፣ በእንፋሎት ቀዳዳዎቹም ውስጥ ሰም ስለሚቀር አልመክረውም።

ሙቀቱን በሰሙ ማሸጊያ ላይ በተጻፈው መጠን ያስተካክሉ፤ ለሞቅ ያለ የአየር ሁኔታ የሚሆነው ለስላሳ ሰም 120 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ ሲበቃው፣ ለብርቱ ቅዝቃዜ የሚሆነው ጠንካራ ሰም እስከ 150 ዲግሪ ሊፈልግ ይችላል። ሰሙ ከጨሰ ሙቀቱ በዝቷልና ወዲያውኑ ይቀንሱ። ፍሎሪን ያለበትን ሰም ግን ጭሱ ሳንባን ስለሚጎዳ ባይጠቀሙ ይሻላል፤ ዓለም አቀፉ የስኪ ፌዴሬሽንም ከ2023/24 የውድድር ዘመን ጀምሮ በውድድሮቹ ከልክሎታል።

መስኮት ከፍተው፣ የተጸዳውን የስኪውን ወይም የስኖውቦርዱን የታችኛውን ገጽ ወደ ላይ አድርገው ካስቀመጡ በኋላ ሰሙን ከካውያው ጋር እያስነኩ ያንጠባጥቡ፤ ከዚያም ካውያውን ከፊተኛው ጫፍ ወደ ኋለኛው ያለማቋረጥ ይግፉ። ትልቁ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው እዚህ ላይ ነው፤ ገጹ የተሠራበት ፖሊኢትሊን የተባለ ፕላስቲክ 135 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሚቀልጥ፣ ካውያው በአንድ ቦታ ጥቂት ቢቆም እንኳ ገጹን አቃጥሎ ሰም እንዳይመጥ ሊያደርገው ይችላል። ከካውያው ኋላ ጥቂት ሴንቲሜትር ያህል ሰም ፈሳሽ ሆኖ ከታየ ፍጥነቱ ልክ ነው፤ የሌላኛው ወገን ገጽ በእጅ ሲዳሰስ ለብ ካለም ሙቀቱ በቂ ነው።

ሰሙ በክፍል ሙቀት ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ይቀዝቅዝ። ከዚያ በኋላ ትርፉን በፕላስቲክ መፋቂያ ፍቀው፣ በናይለን ብሩሽ ከፊት ወደ ኋላ ይቦርሹ።