ጃግ-ስታንግ እጃችሁ ከገባች

ከውጭ የመጣ ዘመድ ሰማያዊ ወይም ቀይ፣ ቅርጿ ጠመም ያለ ፌንደር ጊታር ካመጣላችሁ ራሷ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ጃግ-ስታንግ የሚል ከሆነ እንኳን ደስ አላችሁ። የነደፋት የሮክ ባንዱ የኒርቫና ዘፋኝና ጊታሪስት ከርት ኮቤይን ነው። የጃጓርና የሙስታንግ ጊታሮችን ፎቶ ቆራርጦ ገጣጠመና እንዲህ ያለች እንዲሠሩለት ፌንደርን ጠየቀ። እሱ በፈረንጆቹ 1994 ሞተ። ለገበያ የቀረበችው በ1996 ነው፣ ጃፓን ተሠርታ። ኋላም እንደገና ተመርታለች። አንገቷ ከአካሏ ጋር የሚጋጠምበት አካባቢ የጃፓን ሥሪት መሆኗን የሚገልጽ ጽሑፍና ቁጥር ፈልጉ።

አሁን ወደ ሥራው። መጀመሪያ ድምፅ የላትም ብላችሁ እንዳትደነግጡ። አንድ የደሴ ልጅ ኬብሉን ቀይሮ፣ አምፕሊፋየሩን ቀይሮ፣ በመጨረሻ ተቃጥላለች ብሎ ይዟት መጣ። ችግሩ ሁለቱ ተንሸራታች ማብሪያዎች መሐል ላይ መቆማቸው ብቻ ነበር! እያንዳንዱ ፒክአፕ፣ ማለትም ከክሩ ሥር ሆኖ ድምፁን የሚቀበለው ማግኔት፣ የራሱ ማብሪያ አለው። መሐል ከሆነ ጠፍቷል፣ ወደ የትኛውም ጎን ቢገፋ በርቷል። ሁለቱን ወደ አንድ ጎን ስትገፏቸው ድምፁ ሙሉ ይሆናል። አንዱን ወዲህ፣ አንዱን ወዲያ ካደረጋችሁ ግን ይቀጥናል፣ ትንሽ በአፍንጫ የሚዘፍን ይመስላል። ሰርግ ላይ ከኪቦርድና ከድራም ጋር ይዋጣል። ለብቻችሁ ቁጭ ብላችሁ አንቺሆዬ ስትጫወቱ ግን ሌላ ነገር ነው። እኔ በዚህ ድምፅ ሱሰኛ ሆኛለሁ።

ክር ስትቀይሩ አንድ በአንድ ቀይሩ። ይህን አደራ እላለሁ። ብሪጁ፣ አካሏ ላይ ክሩን ደግፎ የሚይዘው ብረት፣ በብሎን የታሰረ አይደለም። ሁለት እግሮቹን ጉድጓድ ውስጥ ተክሎ የሚቆመው ክሩ ስለተጫነው ነው። ሁሉንም ክር ከፈታችሁ ወልቆ እግራችሁ ሥር ይወድቃል። ክሯ ላልቶ ከመጣችም ብሪጁ የቦርሳው ጥግ ውስጥ ሊሆን ይችላልና ቦርሳውን ሳትፈትሹ አትጣሉ። ድምፁን የሚያወዛውዘውን እጀታ ስትጫኑ ብሪጁ ወዲያ ወዲህ ማለቱ ጤናው ነው፣ እንዲወዛወዝ ነው የተሠራው። በጣም ካስቸገራችሁ እግሩን በቀጭን ፕላስተር መጠቅለል ይቻላል፤ ነገ ትፈቱታላችሁ። ሙጫ ግን በፍጹም!

ቀጭን ክር አይስማማትም። ከብሪጅ እስከ ራስ ያለው የክሩ ርዝመት 61 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስትራቶካስተር ላይ ወደ 65 ይጠጋል። አጭር ስለሆነች ክሩ ይላላል፣ 9 ቁጥር ካሰራችሁባት ትንጫጫለች። 10 ወይም 11 ቁጥር ፈልጉ።

ቀጥሎ ቅኝት። የስልካችሁ መቃኛ ይበቃል፣ ግን የወሎ ልጅ ጆሮውን ይመን። ከላይ ሁለተኛውን ወፍራም ክር ያዙና አምባሰልን በአንድ ክር ውጡበት፦ ባዶ፣ 1ኛ ፍሬት (ፍሬት አንገቷ ላይ ያለው የብረት መስመር ነው)፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 8ኛ፣ 12ኛ። ከዚያ ባቲን ሞክሩ፦ ባዶ፣ 4ኛ፣ 5ኛ፣ 7ኛ፣ 11ኛ፣ 12ኛ። ሁለቱም ውስጥ ተጠጋግተው የተቀመጡ ድምፆች አሉ። ጊታሯ ካልተስተካከለች ስሕተቱ መጀመሪያ የሚያሳብቀው እዚያ ነው። ትዝታ ትንሽ ይሸፍናል፣ አምባሰል ግን ምሕረት የለውም። ወደ ላይ በወጣችሁ ቁጥር ድምፁ እየሸሸ ከሄደ 12ኛው ፍሬት ላይ ክሩን ሳትጫኑ በስሱ ነክታችሁ ምቱት፣ ከዚያ ተጭናችሁ ምቱት፣ አነጻጽሩ። የተጫናችሁት ከፍ ካለ የክሩን መቀመጫ በካቻቪቴ ወደ ኋላ፣ ዝቅ ካለ ወደ ፊት አምጡት። በየመሐሉ መልሳችሁ ቃኙ። ስድስቱንም ክር እንዲሁ። አሰልቺ ነው፣ ሻይ ይዛችሁ ተቀመጡ።

ከደሴ ሐረጎን ወርዳችሁ ኮምቦልቻ የምትጫወቱ ከሆነ እዚህ ቃኝታችሁ አትሂዱ። ሙቀቱ ክሩን ያላላዋል፣ ድምፁ ይወርዳል። ቀደም ብላችሁ ድረሱ፣ ከቦርሳዋ አውጥታችሁ አየሩን ትልመደው፣ ከዚያ ቃኙ። ማታ ደሴ ስትመለሱ ብርዱ መልሶ ይወጥራታል።

የብሪጁ አጠገብ ፒክአፕ ብዙ ሰው አይወደውም። መቀየር መብታችሁ ነው፣ ግን አሮጌውን ከነብሎኑ በላስቲክ ጠቅልላችሁ አስቀምጡት። ሰብሳቢ የሚፈልገው ከፋብሪካ ስትወጣ የነበራትን ዕቃ ነው። ቀለሟንም አትንኩ። የተፋቀ ቦታ ቢኖራት እንኳ ጋራዥ ወስዳችሁ እንዳታስቀቧት፤ ያቺ ጭረት ከአዲስ ቀለም ትሻላለች።