ለኮራል አኳሪየም መብራት እንዴት ይመረጣል?

ዓሣ ብቻ ላለበት አኳሪየም መብራት ብዙ አያስጨንቅም። ዓሣው በደንብ ከታየ በቂ ነው። ኮራል ሲገባ ግን ነገሩ ይለወጣል። ኮራል እንስሳ ቢሆንም ሰውነቱ ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ በዓይን የማይታዩ አልጌዎች ይኖራሉ። እነሱ በብርሃን ምግብ ይሠራሉ፤ ኮራሉም አብዛኛውን ጉልበቱን የሚያገኘው ከዚያው ነው። ሱቅ ገብታችሁ "ስንት ዋት ነው?" ብላችሁ ከመጠየቃችሁ በፊት የሚከተለውን ቅደም ተከተል ያዙ።

1. መጀመሪያ ኮራሉን ወስኑ

ብዙ ሰው መብራቱን ገዝቶ ስለ ኮራሉ በኋላ ያስባል። ተገላቢጦሽ ነው። የኮራል ዓይነቶች የብርሃን ፍላጎት በጣም ይለያያል፤ የሚለካውም በዋት ሳይሆን ፓር በሚባል መለኪያ ነው። ፓር ከ400 እስከ 700 ናኖሜትር (የብርሃን ሞገድ ርዝመት መለኪያ) ባለው ክልል ውስጥ አልጌው ሊጠቀምበት የሚችለውን ብርሃን ይለካል። ዋት የሚነግራችሁ ግን የመብራት ቆጣሪው ምን ያህል እንደሚሮጥ ብቻ ነው።

እንጉዳይ የሚመስሉት ኮራሎች፣ ዞአንተስ እና ሌዘር ኮራል ከ50 እስከ 100 ፓር ይበቃቸዋል። ሥጋቸው ወፍራም የሆነው ሃመር እና ቶርች ከ75 እስከ 150 አካባቢ ይስማማቸዋል። እንደ አክሮፖራ ያሉት ቅርንጫፋም ድንጋያማ ኮራሎች ግን ከ200 እስከ 350 ይፈልጋሉ። ለጀማሪ የምመክረው የመጀመሪያዎቹን ሁለት ክፍሎች ነው። አክሮፖራ ከብርሃኑ ሌላ የውኃውን ካልሲየም እና አልካሊኒቲ (አሲድን የመቋቋም አቅሙን) በየጊዜው መከታተልም ይጠይቃል፤ ለመጀመሪያ ዓመት የሚሆን ሥራ አይደለም።

2. ገንዳውን ለኩ

ርዝመቱን፣ ስፋቱንና ጥልቀቱን ጻፉ። 60 ሴንቲሜትር ርዝመት ላለው ገንዳ ብዙውን ጊዜ አንድ የኤልኢዲ መብራት ይበቃል። 120 ሴንቲሜትር ከሆነ ግን ቢያንስ ሁለት ያስፈልጋል። ምርጫ ካላችሁ ከአንድ ኃይለኛ መብራት ሁለት መካከለኛ ውሰዱ። ብርሃኑ ከአንድ ነጥብ ብቻ ሲመጣ ከቅርንጫፎቹ ሥር ጥላ ይፈጠራል፣ እዚያ ያለው የኮራል ሥጋም ቀስ በቀስ ይሞታል።

3. የመብራቱን ዓይነት ምረጡ

ሜታል ሃላይድ ብርሃኑ ግሩም ነው፤ ሙቀቱ ግን ከባድ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ለሚኖር ሰው ውኃ ማቀዝቀዣ ማሽን ማስገዛቱ አይቀርም። ቲ-5 የሚባሉት ቀጫጭን ዱላ አምፖሎች ብርሃንን እኩል በማዳረስ የሚስተካከላቸው የለም፤ ግን በየ9 እስከ 12 ወሩ መቀየር አለባቸው። ዓይናችሁ ለውጡን ባያየውም ብርሃናቸው ይዳከማል። ኤልኢዲ ሲገዛ ውድ ነው፤ በሌላ በኩል ለዓመታት ይሠራል፣ ኤሌክትሪክ ይቆጥባል፣ ቀለሙንና ኃይሉን እንደፈለጋችሁ ታስተካክላላችሁ። ዛሬ አዲስ የሚጀምር ሰው ኤልኢዲ ቢገዛ ይሻለዋል።

ኤልኢዲ ስትመርጡ ሰማያዊው ለብቻው መቆጣጠሪያ እንዳለው አረጋግጡ። ባሕር ውስጥ ቀይ ብርሃን ቶሎ ይዋጣል፤ ወደ ጥልቁ የሚዘልቀው ሰማያዊው ነው። ስለዚህ ኮራል በደንብ የሚጠቀምበት 450 ናኖሜትር አካባቢ ያለውን ብርሃን ነው። ነጩ በአብዛኛው ለእኛ ዓይን ነው፤ ሲበዛ ደግሞ የማይፈለግ አልጌ መስተዋቱን ሊወርሰው ይችላል። የቀለሙ መረጃ በኬልቪን ከተጻፈ ከ14,000 እስከ 20,000 ያለውን ፈልጉ።

4. ስቀሉና ለኩ

ከውኃው ወለል 20 እስከ 30 ሴንቲሜትር ከፍ አድርጋችሁ ጀምሩ። መብራቱ ከፍ ሲል ሰፊ ቦታ ያዳርሳል፣ ኃይሉ ግን ይቀንሳል። ከዚያ በፓር ሜትር ኮራሉ የሚቀመጥበትን ቦታ ለኩ፤ ላዩን ብቻ ሳይሆን መሃሉንና አሸዋውንም። መሣሪያው ውድ ስለሆነ መግዛት ግድ አይደለም። የሚያከራዩ ሱቆች አሉ፤ ኮራል የሚያረባ ወዳጅ ካላችሁም ተዋሱ። የስልክ አፕሊኬሽን እንዳያታልላችሁ። የስልክ ሴንሰር የተሠራው እንደ ሰው ዓይን ስለሆነ ሰማያዊውን አሳንሶ ያነባል።

5. ቀስ ብላችሁ አለማምዱ

ጀማሪዎች ብዙ ኮራል የሚያጡት እዚህ ላይ ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛውን ጊዜ ብርሃን ማነስ ሳይሆን መብዛት ነው። አዲስ መብራት አምጥቶ በአንዴ 100 በመቶ የሚለቅ ሰው በጥቂት ቀናት ውስጥ ነጭ አጽም ሊያይ ይችላል። ብርሃኑ ሲበዛበት ኮራሉ አልጌዎቹን ከሰውነቱ ያስወጣል፣ ቀለሙም ይጠፋል። ከ30 ወይም 40 በመቶ ጀምሩ፤ በየሳምንቱ ጥቂት እየጨመራችሁ በአንድ ወር ውስጥ ወደፈለጋችሁት ድረሱ። አዲስ ኮራል ስታስገቡም መጀመሪያ አሸዋው ላይ አስቀምጡት፣ ከዚያ ወደ ላይ አውጡት።

መብራቱ በቀን ለስንት ሰዓት እንደሚበራ በታይመር ወስኑ፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያህል ይበቃል። ኮራሎቹ ሌሊት ጨለማ ይፈልጋሉ።

6. ኮራሉን አንብቡ

ኮራሉ ከነጣ ወይም ከተኮማተረ ብርሃኑ በዝቶበት ይሆናል። አንገቱን ወደ ላይ እየሳበ ከረዘመ አንሶታል። ከደመቀ ቀለም ወደ ቡናማ ከሄደም ማነሱ አንዱ ምክንያት ነው፤ ከዓሣ ቆሻሻና ከተረፈ ምግብ የሚመጣው ናይትሬት ሲበዛም እንዲሁ ይሆናልና መብራቱን ከመንካታችሁ በፊት ውኃውን መርምሩ። መብራቱን ካስተካከላችሁ ደግሞ ሁለት ሳምንት ጠብቁ። ኮራል መልስ የሚሰጠው ቀስ ብሎ ነው፤ በየቀኑ ቁልፍ ከነካካችሁ የትኛው ለውጥ እንደሠራ አታውቁም።

አንድ ነገር ልጨምር፦ የጨው ውኃ ኤሌክትሪክ በደንብ ያስተላልፋል። የመብራቱ ገመድ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ከሶኬቱ ዝቅ ብሎ መጠምዘዝ አለበት። ገመዱን ተከትሎ የሚወርድ ጠብታ እዚያው ጎንበስ ያለበት ቦታ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም።