ኤልኢዲ አምፖል አልበራ ካላችሁ

መኪናችሁ ላይ ኤልኢዲ አስገብታችሁ እምቢ ካለ ወዲያው ተቃጥሏል ብላችሁ አትጣሉት፣ ኤልኢዲ እንደ ድሮው አምፖል አይደለም ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ይለያል እና ያቺን በግፊት የምትገባዋን ትንሿን የፓርኪንግ አምፖል አውጥታችሁ አዙራችሁ ክተቷት፣ ብዙ ጊዜ ትበራለች። ደብዘዝ ወይ ብልጭ ድርግም ካለ ግን መጀመሪያ ማሳውን ማለትም ኔጋቲቩ ከመኪናው ቦዲ ጋር የሚገናኝበትን እዩ፣ ሽቦው ቦዲ ላይ የታሰረበትን ቡሎን ፍቱና ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፈተግ ፈተግ አርጉት፣ በተለይ ጣርማበርን በዛ ጉም የምትመላለሱ ሰዎች እርጥበቱ አይምራችሁም። ፍሬቻ በፍጥነት ከመታ ደሞ የድሮው አምፖል 21 ዋት ነበር ኤልኢዲው ትንሽ ከረንት ስለሚስብ ሪሌው፣ ፍሬቻውን የሚያበራ የሚያጠፋው ማለት ነው፣ አምፖል የተቃጠለ ይመስለዋል፣ የኤልኢዲ ሪሌ ቀይሩለት። በሪሌው ፈንታ ሬዚስተር፣ ተጨማሪ ከረንት የሚስብ እቃ፣ የሚያስሩም አሉ፣ እኔ አልወደውም በጣም ይግላል፣ ካሰራችሁም ፕላስቲክ እንዳይነካ።