ቅልጥም፣ ጉልበት፣ ተረከዝ፦ የአማተር ሯጭ ህመሞችና መፍትሄያቸው

ጥቅምት በገባ ቁጥር ተመሳሳይ ጥያቄ ይመጣብኛል። ታላቁ ሩጫ ህዳር ላይ ነው። ቲሸርቱ ተገዝቷል። ልምምዱ የተጀመረው ግን ገና በቅርቡ ነው፣ እግርም ወዲያው ታሟል። ከአማተር ሯጮች ጋር ለዓመታት ስሮጥና ሳሰለጥን የማየው ጉዳት አብዛኛው ያው ነው። ስለዚህ ደጋግሜ የማየውን በሰፊው፣ አልፎ አልፎ የሚያጋጥመውን በአጭሩ እጽፋለሁ። ማሟሟቅን፣ ውሃ መጠጣትን፣ ጥፍር መቁረጥን ታውቃላችሁ ብዬ ነው የምነሳው።

የቅልጥም ህመም

ምልክቱ ይኸውላችሁ። ከቁርጭምጭሚት በላይ፣ በቅልጥም አጥንት የውስጥ ጠርዝ በኩል ያማል። ሩጫ ስትጀምሩ ይሰማችኋል፣ ሰውነት ሲሞቅ ይጠፋል፣ በማግስቱ ጠዋት ከአልጋ ስትወርዱ ይመለሳል። የአጥንቱን ጠርዝ ተከትላችሁ በአውራ ጣት ጫን ጫን ስትሉ ህመሙ አንድ ቦታ ላይ ብቻ አይደለም። 5 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ይዘረጋል።

መንስኤው ችኮላ ነው። ትንፋሽ በሦስትና በአራት ሳምንት ይሻሻላል። ጡንቻም ቶሎ ይለምዳል። አጥንት ግን እንደዚያ አይደለም። አዲስ ጫና ሲመጣበት መጀመሪያ አሮጌውን ክፍል ያፈርሳል፣ ከዚያ ቀስ እያለ አዲሱን ይገነባል። ይህ ወራት ይፈጃል። ስለዚህ ልምምድ በጀመራችሁ በሦስተኛውና በአራተኛው ሳምንት ትንፋሻችሁ «ጨምር» ሲላችሁ አጥንታችሁ ደግሞ ከምንጊዜውም በላይ ስስ ሆኖ ይጠብቃችኋል። አብዛኛው ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አንድ መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹን ለውድድሩ ለማዘጋጀት አስቦ ዓመቱን ሙሉ ወንበር ላይ የከረሙ ሰዎችን በየቀኑ ንጋት ላይ አስፋልት ለአስፋልት ያስሮጥ ጀመር። መሪው በወጣትነቱ የሮጠ ጠንካራ ሰው ነበር፣ ሁሉም የእሱን ፍጥነት ተከተለ። ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ከቡድኑ ብዙዎቹ ደረጃ የሚወርዱት የደረጃውን ብረት ይዘው ነበር። ጥፋቱ የሰዎቹ ድክመት አልነበረም። እረፍት የሌለው ፕሮግራም ማንንም ይሰብራል።

እንጦጦ ወጥታችሁ ታላላቆቹ አትሌቶች በቀላል ልምምድ ቀናቸው እንዴት እንደሚሮጡ ተመልከቱ። በባህር ዛፉ መሀል ተሰልፈው፣ እየተጠማዘዙ፣ አፈር ላይ፣ በጣም ቀስ ብለው ነው። ሱሉልታና ሰንዳፋም እንደዚያው። አስፋልት የሚወጡት ተመርጦ ነው። የእኛ አማተር ግን ሳምንቱን ሙሉ አስፋልት ላይ ነው፣ ያውም በየቀኑ እንደ ውድድር። ማውራት እስኪያቅታችሁ የምትሮጡ ከሆነ እሱ ሶምሶማ አይደለም።

ሁለተኛው መንስኤ ጫማ ነው፣ እዚህ ላይ ትዕግስቴ ያልቃል። የታወቀ ብራንድ ምልክት የተለጠፈበት ፌክ ጫማ ገዝተው «አዲስ ነው እኮ» የሚሉኝ ብዙ ናቸው። አዲስነቱ ምን ያደርጋል? ሶሉን በአውራ ጣት ስትጫኑት ገባ ብሎ መመለስ አለበት። እንደ ድንጋይ ከደረቀ ጫማው ለካፌ እንጂ ለሩጫ አይሆንም። ሁለቱን ጫፍ ይዛችሁ ስትጠመዝዙት እንደ ጨርቅ ከተጨመቀም አትግዙት። ከውስጥ ማስቲሹ የሚሸት፣ ሶሉ ከጎን የሚላቀቅ ጫማ ሻጩ የፈለገውን ቢል መልሱለት። ሳልቫጅ ተራ የሚገኝ ኦሪጅናል ከእሱ ሊሻል ይችላል፣ ግን የተረከዙን አበላል አገላብጣችሁ እዩ። አንድ ጎኑ ብቻ ከተበላ ወይም የስፖንጁ ጎን በመስመር በመስመር ከተጨማደደ የሌላ ሰው ኪሎ ሜትር አልቆበታል ማለት ነው። ጥሩ ጫማም ቢሆን ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ባለው ጊዜ ውስጥ ይደክማል።

ይህን ስል ሁልጊዜ «አበበ ቢቂላስ?» የሚል አይጠፋም። አበበ እ.ኤ.አ. በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸነፈ፣ እውነት ነው። በ1964 ቶኪዮ ላይ ግን ጫማ አድርጎ ነው ያሸነፈው። በ1968 ሜክሲኮ ላይ ደግሞ እግሩ ተጎድቶ ስለነበር መንገድ ላይ አቋረጠ፣ ማሞ ወልዴም ወርቁን ወሰደ። አበበን ካነሳን አይቀር ሦስቱንም እናንሳ። ጉዳት ጀግናም አይመርጥም።

ወደ መፍትሄው እንሂድ። መጀመሪያ ሩጫውን አቁሙ። «ቀስ ብዬ ልሩጥ?» አይሆንም። በሰላም መራመድ እስክትችሉና አጥንቱ ሲጫኑት ማመሙን እስኪተው ድረስ ነው። ቶሎ ከተያዘ ጥቂት ሳምንት ይበቃዋል፣ ከተገፋ ወራት ይወስዳል። እስከዚያ ትንፋሻችሁ እንዳይጠፋ ብስክሌት ንዱ ወይም ዋኙ። በረዶ በጨርቅ ጠቅልላችሁ ለ15 ደቂቃ ያዙበት፣ ቆዳ ላይ በቀጥታ አታድርጉት።

ቀጥሎ ባት ማጠንከር ነው፣ ሰው ሁሉ የሚዘለው ይህንን ነው። ደረጃ ጠርዝ ላይ በእግር ጣት ቁሙ፣ ተረከዝን ወደ ላይ አንሱ፣ ቀስ ብላችሁ ዝቅ አድርጉ። ጉልበት ቀጥ ብሎ 15 ጊዜ፣ ጉልበት ትንሽ ታጥፎ ሌላ 15 ጊዜ፣ ይህን ሦስት ዙር። በታጠፈ ጉልበት የሚሠራው ከስር ያለውን ጡንቻ ነው፣ በሩጫ ጊዜ ለቅልጥሙ ጫናውን የሚሸከምለትም እሱ ነው። መጀመሪያ በሁለት እግር፣ ሲለመድ በአንድ። የሚያም ከሆነ ቀንሱ።

መመለሻው ፈተና አለው። 30 ደቂቃ ፈጠን ብላችሁ ያለ ህመም ተራመዱ። ከዚያ በታመመው እግር ብቻ 10 ጊዜ ዝለሉ። ሁለቱንም ካለፋችሁ አንድ ደቂቃ ሶምሶማ፣ አራት ደቂቃ እርምጃ እያፈራረቃችሁ ጀምሩ፣ አፈር ወይም ሣር ላይ፣ አንድ ቀን እየዘለላችሁ። እርምጃችሁን አሳጥሩ፣ እግር ከሰውነት ፊት ርቆ እንዳያርፍ። አስፋልት ላይ መሮጥ ግድ ከሆነ የመንገዱ ጠርዝ ዘመም ስለሚል አንዱን እግር ብቻ እንዳይጎዳ ሜዳ ሜዳውን ምረጡ። የደቂቃው ልክ ሲጨምር ፍጥነት አይጨምርም። ሁለቱን በአንድ ሳምንት የጨመረ ተመልሶ ይመጣል።

ከዚህ በላይ የሚያስፈራው

በጣት ስትጫኑ ህመሙ አንድ ነጥብ ላይ ብቻ ከሆነ፣ ሲሞቅ መጥፋቱን ትቶ እየባሰ ከሄደ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ ካነቃችሁ ወይም በአንድ እግር መዝለል ካቃታችሁ አጥንቱ መሰንጠቅ ጀምሮ ሊሆን ይችላል። አትሩጡ። ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

አንድ የባንክ ሠራተኛ ወንድማችን ይህን ችላ ብሏል። በመጀመሪያው ሳምንት ራጅ ተነሳ፣ «ምንም የለም» ተባለ። ሰውየው ደስ ብሎት ወደ ልምምድ ተመለሰ። እንዲህ አይነት ስንጥቅ በመጀመሪያዎቹ ሁለትና ሦስት ሳምንታት ራጅ ላይ ብዙ ጊዜ እንደማይታይ ማንም አልነገረውም። ንጹህ ራጅ የመሮጥ ፈቃድ አይደለም። ኤምአርአይ ቶሎ ያሳያል፣ አቅም ካልፈቀደ ደግሞ አርፎ ራጁን መድገም ነው። ልጁ በውድድሩ ቀን ጠዋት ማስታገሻ ውጦ ሮጠ፣ በፈገግታም ጨረሰ። በማግስቱ ከታክሲ መውረድ አቃተው። የተደገመው ራጅ ስንጥቁን ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ከዚያ በኋላ ለረጅም ጊዜ በክራንች ሄደ።

ስለ ማስታገሻ አጥብቄ እናገራለሁ። ዳይክሎፌናክም ሆነ አይቡፕሮፌን ውጦ መሮጥ ህመሙን ይደብቃል እንጂ ጉዳቱን አያድንም። ላብ እየወጣ፣ ውሃ እያነሰ ሲወሰድ ደግሞ ኩላሊትንና ጨጓራን ይጎዳል። ከሩጫ በፊት አትውሰዱ።

ወጌሻን በተመለከተ፣ ጥሩ ወጌሻ ለደነደነ ባትና ለታፋ ጡንቻ በረከት ነው። ግን የሚያመውን አጥንት እንዲያሽ አትፍቀዱለት። «ሲታሽ የሚያመው ሊድን ስለሆነ ነው» የሚል ካጋጠማችሁ እግራችሁን ሰብስባችሁ ውጡ። የተሰነጠቀ አጥንት ታሽቶ አይድንም፣ ይብስበታል።

ብሽሽት ውስጥ የሚያም፣ ስትረግጡ የሚብስ ህመም ካለ የጭን አጥንት አንገት፣ ማለትም ከዳሌ ጋር የሚገናኝበት ቦታ፣ ተሰንጥቆ ሊሆን ስለሚችል በዚያው ቀን አቁሙና ሐኪም ዘንድ ታዩ። ይህ ጊዜ አይሰጥም።

ሩጫ በጀመራችሁ በተወሰነ ደቂቃ ላይ ቅልጥም ተወጥሮ እግር ከደነዘዘና ስታቆሙ ቶሎ ከለቀቀ፣ የጡንቻ ውስጥ ግፊት ነው። አይዘወተርም፣ ግን ስፔሻሊስት ይፈልጋል።

ጉልበት

ደረጃ ስትወርዱ ወይም ረጅም ሰዓት ተቀምጣችሁ ስትነሱ ከሎሚው ስርና ዙሪያ ካመማችሁ መንስኤው ብዙውን ጊዜ የጭንና የመቀመጫ ጡንቻ መድከም ነው። ከእንጦጦ ቁልቁለቱን በሩጫ የሚወርዱ ሰዎች ደንበኞቹ ናቸው። ዳገቱን ሩጡ፣ ቁልቁለቱን ተራመዱ። በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን ጥልቀት የሌለው ቁጢጥ ሥሩ፣ ጉልበት ወደ ውስጥ እንዳይታጠፍ እየጠበቃችሁ። በጎን ተኝቶ እግር ማንሳትም ይረዳል። ሩጫን ሙሉ በሙሉ ማቆም ብዙ ጊዜ አያስፈልግም፣ መቀነስ ይበቃል። ጉልበት ካበጠ፣ ከተቆለፈ ወይም ከከዳችሁ ግን ነገሩ ሌላ ነው፣ ታዩ።

ህመሙ በጉልበት ውጪ ጎን ሆኖ ሁልጊዜ እዚያው ኪሎ ሜትር ላይ የሚጀምር ከሆነ ከዳሌ የሚወርደው ጅማት ነው። ከዚያ ኪሎ ሜትር በፊት አቁሙ፣ ዳሌ አጠንክሩ፣ ቁልቁለት ተዉ።

ተረከዝ

ጠዋት የመጀመሪያው እርምጃ እንደ ሚስማር ከወጋችሁና ትንሽ ስትራመዱ ከቀለለ የውስጥ እግር ጅማት ነው። ሥራቸው ቀኑን ሙሉ የሚያቆማቸው ሰዎች፣ ቤት ውስጥ ሴራሚክ ላይ በባዶ እግር ወይም በስስ ነጠላ ጫማ የሚውሉ ሰዎች ይበዙበታል። ከአልጋ ከመውረዳችሁ በፊት የእግር ጣቶቻችሁን በእጃችሁ ወደ ራሳችሁ ሳቡና ውስጥ እግሩን አፍታቱት። ማታ የፕላስቲክ ጠርሙስ ውሃ አቀዝቅዛችሁ በእግር አንከባሉት። ቤት ውስጥም ወፍራም ሶል ያለው አድርጉ። ከላይ ያለውን የባት ልምምድ ሥሩ። ወራት ሊፈጅ ይችላል፣ ግን ይድናል። መርፌ ለመወጋት አትቸኩሉ፣ እፎይታው አጭር ሊሆን ይችላል።

ከተረከዝ በላይ ያለው ወፍራም ጅማት ጠዋት ከደረቀና ካበጠ አትጎትቱት። ተረከዝን ቀስ ብሎ ዝቅ የማድረግ ልምምድ ነው መድኃኒቱ። አንድ ማስጠንቀቂያ አለኝ፣ ለታይፎይድ ወይም ለሽንት ቧንቧ ሲፕሮፍሎክሳሲን የታዘዘላችሁ ሰዎች ሩጫውን አቁሙ። ይህ መድኃኒት ጅማትን እስከ መበጠስ ሊያደርስ ይችላል፣ አደጋውም ክኒኑ ካለቀ በኋላ ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል።

ህመም የሌለው ድካም

እግር አያምም፣ ግን ፍጥነት ጠፍቷል፣ ዳገት ላይ ልብ ይመታል። ሴቶች ላይ በብዛት የማየው ነው። ደም ተመርመሩ፣ የብረት መጠንንም ጠይቁ። በጾም ወቅት ምስርና ጎመን እየበላችሁ ከምግቡ ጋር ወዲያው ሻይ ወይም ቡና የምትጠጡ ከሆነ ብረቱ በደንብ አይገባም። አንድ ሁለት ሰዓት አቆዩት። ሎሚ ወይም ብርቱካን ከምግቡ ጋር ውሰዱ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ ከባዱን ልምምድ ከበላችሁ በኋላ ወደ ማታ አድርጉት።

ከውጭ የምትመጡ

ከዋሽንግተን፣ ከዱባይ፣ ከቴል አቪቭ ለውድድሩ የምትመጡ፣ አዲስ አበባ ከባህር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ናት። እዚያ የለመዳችሁት ሰዓት እዚህ አይሠራም። በትንፋሻችሁ ተመሩ። ደግሞ ከረጅም በረራ በኋላ አንድ ባት ብቻ ካበጠ፣ ከሞቀና ካመመ የደም መርጋት ሊሆን ይችላል። አትታሹ፣ አትሩጡ፣ በቀጥታ ሆስፒታል ሂዱ።

ውድድሩ ሁለት ሳምንት ቀርቶት ከታመማችሁ

የቅልጥሙ ህመም የተዘረጋው አይነት ከሆነ ሁለቱንም ሳምንት አርፋችሁ፣ መራመዱ ካላመማችሁ፣ 10 ኪሎ ሜትሩን ከኋላ ተሰልፋችሁ በእርምጃ መሄድ ይቻላል። ከመስቀል አደባባይ ከሚወጣው ሕዝብ ብዙው እየዘፈነና እየጨፈረ ስለሚሄድ ብቻችሁን አትሆኑም። ግፊያ ሲኖር ጠርዙን ያዙ፣ ካመማችሁ ውጡ። ህመሙ የአንድ ነጥብ ከሆነ ግን በእርምጃም አይሆንም። ውድድሩን ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ግቡ፣ በዕለቱ በጎን ቁማችሁ ለጓደኞቻችሁ አጨብጭቡ።