የእትብት ደም ስቴም ሴሎችን ሳይጎዱ ማቀዝቀዝና ማቅለጥ

ከእትብት የተሰበሰበ ደም በቆየ ቁጥር በሕይወት የሚቀሩት ስቴም ሴሎች (ሌሎች የደም ሴሎችን የሚያመነጩ መነሻ ሴሎች) ስለሚቀንሱ፣ በ48 ሰዓት ውስጥ መቀዝቀዝ ይኖርበታል። ሴሎቹን በዋናነት የሚገድለው በውስጣቸው የሚፈጠረው የበረዶ ቅንጣትና ውሃው ወደ በረዶ ሲለወጥ በዙሪያቸው የሚከማቸው ጨው ነው። ስለዚህ ቀይ የደም ሴሎችንና ፕላዝማን ከቀነሱ በኋላ፣ ደሙ ያለበትን ከረጢት እያቀዘቀዙ፣ መጠኑ 10 በመቶ ያህል እስኪሆን ድረስ ዲሜቲል ሰልፎክሳይድ የተባለውን መከላከያ በዝግታ ይጨምሩ።

ሙቀቱን በደቂቃ 1 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀንሱ፤ ከዚህ እጅግ ከፈጠነ በረዶው ሴሉ ውስጥ ይሠራል፣ እጅግ ከዘገየ ደግሞ ሴሉ ውሃውን አጥቶ ይኮማተራል። ከዚያም ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ያስቀምጡ።

ማቅለጥ ግን ፍጥነት ይፈልጋል። ከረጢቱን በ37 ዲግሪ ውሃ ውስጥ ካቀለጡ በኋላ፣ መከላከያው በሙቀት ሴሎቹን ስለሚመርዝ፣ ወዲያውኑ ዴክስትራን (ከስኳር የተሠራ ውህድ) እና አልቡሚን (የደም ፕሮቲን) ባለበት ፈሳሽ ያቅጥኑት።

በጠቅላላ የሴል ቁጥር ብቻ መተማመን፣ በእኔ እምነት፣ አደገኛ ነው። ግራኑሎሳይት የተባሉት ነጭ የደም ሴሎች በብዛት ሲሞቱ ስቴም ሴሎቹ በአብዛኛው ይተርፋሉ፤ በመሆኑም ሕመምተኛው ለንቅለ ተከላው ከመዘጋጀቱ በፊት፣ ከከረጢቱ ጋር አብሮ ከቀዘቀዘው ትንሽ ቱቦ ናሙና ወስደው በሕይወት ያሉትን ሲዲ34 ሴሎች (ስቴም ሴሎች የሚለዩበት ሲዲ34 የተባለ ምልክት በላያቸው ያለባቸውን) እና ተባዝተው ኮሎኒ፣ ማለትም የሴሎች ስብስብ፣ የመፍጠር ችሎታቸውን ይመርምሩ።