ያልተለመደ የባሕር ተሳቢ እንስሳ የአከርካሪ አንጓ ሲገኝ እንዴት ይለያል?

አጥንቱን ከማገላበጥ በፊት የወጣበትን ድንጋይ ማወቅ ይገባል። የወሎ ደጋ፣ ኦፓል የተባለው የከበረ ድንጋይ የሚቆፈርበትን የደላንታን ገደል ጨምሮ፣ በአብዛኛው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በወጣ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው፤ ከጥንቶቹ የባሕር ተሳቢዎች ግን ባለ አራት መቅዘፊያው ፕሌሲዮሳርና ለእንሽላሊት የሚቀርበው ሞሳሳር ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ዓሣ የሚመስለው ኢክቲዮሳርም ከዚያ ቀደም ብሎ ስለጠፉ፣ በዚህ ድንጋይ ውስጥ አጥንታቸው አይጠበቅም። ተስፋ ያለው፣ በወግዲና በከለላ በኩል ወደ ዓባይና ወደ ጃማ ሸለቆ ሲወረድ የሚታየው፣ በጁራሲክ ዘመን (ከ201 እስከ 145 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት) በባሕር ሥር የተነጠፈው የኖራ ድንጋይ ነው። ሞሳሳር የመጣው ከጁራሲክ እጅግ ዘግይቶ ስለሆነ እዚህ ከግምት ውጭ ይሆናል።

ቀጥሎ የተሰበረውን ጠርዝ በማጉያ መነጽር ማየት ነው። አጥንት ከሆነ ውጩ ጥቅጥቅ ያለ ስስ ሽፋን፣ ውስጡ ደግሞ ጥቃቅን ቀዳዳ የበዛበት ይሆናል፤ አጥንት ሊመስል የሚችለው የኮራል (የባሕር ፍጡር ድንጋያማ አጽም) ቀዳዳ ግን እስከ ውጭው ገጽ ድረስ በሥርዓት የተደረደረ ነው።

አጥንት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ አንጓው ከፊት ወደ ኋላ ያለው ርዝመት ከስፋቱ ጋር ይነጻጸር። ርዝመቱ የስፋቱ ግማሽ ያህል ወይም ያነሰ ሆኖ፣ የፊትና የኋላ ገጾቹ ጀርባ ለጀርባ እንደተጣበቁ ሳህኖች በጥልቀት የጎደጎዱ ከሆኑ፣ ኢክቲዮሳር ሊሆን ይችላል። የትልልቅ ዓሣ አንጓም እንዲሁ ስለሚጎደጉድ፣ በጎኑ የጎድን አጥንት የሚያርፍባቸው ጉብታዎች መኖራቸውን ሳያዩ መወሰን አይገባም። ገጾቹ ጠፍጣፋ ወይም በጥቂቱ ብቻ የጎደጎዱ ከሆኑ ደግሞ አንጓውን ገልብጦ ሆዱን፣ ማለትም የታችኛውን ጎኑን፣ መመርመር ያስፈልጋል፤ ጎን ለጎን የተቀመጡ ሁለት ትንንሽ የደም ሥር ቀዳዳዎች ካሉበት ወደ ፕሌሲዮሳር ያመለክታል። እኔ ከሁሉም በላይ የምተማመነው በዚህ ምልክት ነው፤ ይሁንና ቀዳዳዎቹ በድንጋይ ስለሚደፈኑ ፈልጎ ማግኘት ትዕግሥት ይጠይቃል።

እንግዳ መስሎ የሚታይ አንጓ አብዛኛውን ጊዜ አዲስ እንስሳ ሳይሆን፣ ከአከርካሪው ያልተለመደ ቦታ የመጣ ነው። በኢክቲዮሳር ከራስ ቅል ቀጥሎ ያሉት ሁለት አንጓዎች ተዋህደው እንደ አንድ ሊገኙ ይችላሉ፤ ጅራቱ ወደ ታች በሚታጠፍበት ቦታ ያሉት ደግሞ አንድ ወገናቸው ከሌላው የጠበበ ነው። የፕሌሲዮሳር የጀርባ አንጓ ጎኑ ለስላሳ ሲሆን፣ የአንገቱ ግን የጎድን አጥንት ማረፊያ አለው። መጋጠሚያው ላይ ሻካራ ትርፍ አጥንት ከበቀለ በሽታ ሊሆን ይችላል፤ አንጓው ተጣምሞ አብረውት ያሉት ዛጎሎችም ከተጨፈለቁ ምክንያቱ የድንጋዩ ክብደት ነው።

አንጓው በሆምጣጤ ወይም በሌላ አሲድ አይታጠብ፣ የተጣበቀበት ድንጋይም አይፈልፈል። ከተቻለ ከቦታው ሳይነሣ፣ ማስመሪያ አጠገቡ ተደርጎ ከፊት፣ ከጎንና ከሥር ፎቶ ይነሣና ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይነገር፤ የተገኘበት ንጣፍ ከፍታና የአካባቢው መጠሪያም አብሮ ይጻፍ።